የእድሩን ድንኳን አዝዬ ባሕር ዳር

ትናንት ሌሊት በእንቅልፌ ባሕር አየሁ። በዕድሜዬ ከወንዝና ከሐይቅ የሰፋ ውሃ አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም ባሕር መሆኑን ወዲያው ነው ያወቅኩት፤ ማዶ የለውማ። እኔ የቆምኩት ዳር ላይ ነው፤ የሰው አገር አሸዋ ላይ። በጀርባዬ የእድራችንን ድንኳን አዝያለሁ። ከነምሰሶው፣ ከነካስማው፣ ከነገመዱ። ልጅ ይመስል በነጠላ ጠፍሬ አስሬዋለሁ።

ድንኳኑ ምን ሊያደርግ ጀርባዬ ላይ እንደወጣ ግን አላጣሁትም። ትናንት ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ የእድራችን ዳኛ ጋሽ አስፋቸው ሽማግሌ አስከትለው ቤቴ መጥተው ነበር። የመጡት በልጄ በዘገየ ጉዳይ ነው።

ዘገየ ከቤት ወጥቶ መጀመሪያ ሲደውል፣ «እማዬ፣ አብሽሪ፤ ባሕር ዳር ደርሻለሁ» አለኝ። እሰይ ብዬ ለከተማችን ለመርሳ ሰው ሁሉ አወራሁ። መናኸሪያው በር ላይ ማንጎዬን ዘርግቼ፣ «ልጄ ባሕር ዳር ከተማ ሥራ ይዟል፤ ጎዳናው በዘንባባ የተሞላ፣ ጣና ፊት ለፊቱ» እያልኩ ስንቀባረር ከረምኩ። ለካ ልጁ ከተማውን አይደለም ያለኝ። የባሕሩን ዳር ነው ያለኝ! የጨዉን ባሕር፤ ከጅቡቲ ጠረፍ፤ ወደ ዓረብ አገር የሚያሻግር ጀልባ የሚጠበቅበትን። ሁለተኛ ሲደውል፣ «እማዬ፣ አሸዋ ላይ ነው የምንተኛው፤ ደህና ቦታ አጥተን በየቀኑ እንቀያይራለን» አለ። «ጣና ዳር ደግሞ ምን አሸዋ አለ?» ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። የሰማሁት ጀልባ ሰጠመ የሚል ወሬ ነው።

«እርምሽን አውጪ፣ ማንያህልሻል» አሉኝ ጋሽ አስፋቸው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። «ድንኳኑን እንትከልልሽና ሰው ያልቅስልሽ።»

«መርዶ ነጋሪው ማነው?»

«ያው ወሬው አለ...»

«በወሬ ድንኳን አይተከልም። ዘገየ ዘገየ እንጂ አልሞተም!»

ብዬ አስወጣኋቸውና በሩን ዘጋሁባቸው። በሽማግሌ ላይ በር መዝጋት ነውር ነው። ዘጋሁት።

እንግዲህ ያንን እምቢ ያልኩትን ድንኳን ነው በሕልሜ አዝዬ የቆምኩት። ከየት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ነገር ልቤ ያውቃል፤ ደህና ቦታ አግኝቼ ከተከልኩት ዘገየ መጥቶ ይተኛበታል። ካላገኘሁ አይመጣም።

ልሂድ ብዬ እግሬን ሳነሳ አንድ ሰልፍ መንገዱን ዘጋው። የለበሱ፣ የታጠቁ፣ ጫማቸው የሚያበራ የድንበር ጠባቂዎች ናቸው። ቆባቸውን በደረታቸው ይዘው እኔን ይጠብቃሉ። ማንጎ ስሸጥ የምቀመጥባት ዱካዬ አሸዋው ላይ ተቀምጣ አገኘኋትና ቁጭ አልኩ።

የመጀመሪያው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። «እመቤቴ፣ እንድናስገባዎት ይፍቀዱልን።»

የቢሮ ሰው ፊት እንዴት እንደሚቋጠር ተሰልፌ ተሰልፌ ተምሬዋለሁ። ጥፍሬን እያየሁ፣ «ኔትወርክ የለም» አልኩት።

«ከጠዋት ጀምረን ነው የቆምነው፣ እመቤቴ።»

«እና እኔ ምን ላድርግህ? ነገ ተመለስ።»

«ትናንትም ነገ ብለውን ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ነገ ሆነ እንዴ?»

ሰልፉ በሙሉ፣ «እውነታቸውን ነው» ብሎ አጉረመረመ። አንዱ ሽበታም ጠባቂ እንባው ጺሙ ላይ እየወረደ፣ «ልጆች አሉኝ፤ እርስዎን ሳላስገባ ቤቴ ብሄድ ምን ብዬ ነው ፊታቸውን የማየው?» አለ።

«ልጅ የሌለው ማን አለ? ዞር በል! ቀጣይ!»

ዋሽቼ ምን ላተርፍ፣ ጣፈጠኝ። ዛፍ ላይ እንደበሰለ ማንጎ ጣፈጠኝ። እንዲያውም ምሳ ሰዓት ነው ብዬ ልዘጋባቸው ነበር፤ ድንኳኑ ጀርባዬን ሲቆረቁረኝ ጊዜ የመጣሁበት ትዝ አለኝ።

«ስሙ» አልኳቸው፣ «ድንኳን የሚተከልበት ደህና ቦታ የቱ ጋ ነው? ውሃ የማይደርስበት፣ ሰው የማያባርርበት።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠቆሙ። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወደ ሰማይ፣ ሽበታሙ ደግሞ ወደ ገዛ ቤቱ። «ሁሉም ቦታ ደህና ነው፣ እመቤቴ» አሉ። «ሰው የሚባረርበት ቦታ እኛ አገር የለም።» እንዲህ ብለው ሲያበቁ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ ይንፈራፈሩ ጀመር። ዱካዬን አንስቼ ሄድኩ።

አንድ እርምጃ ስራመድ ሌላ ቦታ ደረስኩ። እዚያ ፀሐይ የምታበራው ከታች፣ ከአሸዋው ውስጥ ነው። ጥላዬ እንደ ዣንጥላ ከላዬ ተዘርግቶ አብሮኝ ይሄዳል። ዘንባባዎቹ ሥራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው በቅጠላቸው ቆመዋል። ከሥራቸው፣ ማለቴ ከቅጠላቸው ሥር፣ ፈረንጅ እንደ ማገዶ ተደርድሮ ተኝቷል። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ሽማግሌው። ፀሐይ ልጣቸዋለች። ምንጣፍ የላቸው፣ ጥላ የላቸው፤ ጫማቸውን ተንተርሰዋል።

በመሃላቸው ጥቁር መነጽር ያደረገ ሸርጣን በጎኑ እየተራመደ ይጮኻል። በሁለቱም መቆንጠጫዎቹ ስልክ ይዟል።

«መርሳ! መርሳ! አንድ ሰው የጎደለው! መርሳ የሞላ!»

ልክ የእኛ መናኸሪያ ወያላ። ድምፁ እንኳ ያው ነው።

አንድ ልጅ እግር ፈረንጅ ተነስቶ ቀሚሴን ያዘ። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። አማርኛው የወሎ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ለስለስ ይላል።

«እማማ፣ ከመርሳ ነዎት አሉ። እውነት ሥራ አለ?»

«የምን ሥራ?»

«ማንጎ መሸከም። ሸርጣኑ ነው የነገረን። ገና ስንወርድ ቤት ከነምግቡ ይሰጠናል፤ ሕዝቡም አበባ ይዞ ይቀበለናል ብሎናል።»

«የእኔ ጌታ፣ የመርሳ ጎረምሳ ከመርሳ ሊወጣ መናኸሪያው ላይ ይጋፋል፤ አንተን ማን አበባ ይዞ ይቀበልሃል? ደግሞስ በጀልባ መርሳ እንዴት ይገባል? መርሳ ባሕር አላት እንዴ?»

ሸርጣኑ በጎኑ እየሮጠ መጣ። «እሱን ሲደርሱ ያዩታል! አንቺ ሴትዮ፣ ደንበኛ አታበላሺብኝ!»

ልጁ ዓይኑን አሸዋው ላይ ጣለ። እኔም ጠየቅኩት፤

«እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች?»

«ባሕር ዳር ነኝ ብያታለሁ። ልዝናና የመጣሁ መስሏት ለጎረቤቱ እያወራች ነው።»

ጆሮውን ይዤ ጠመዘዝኩት። የሰው ልጅ ነው፣ የፈረንጅ ልጅ ነው አላልኩም፤ ጠመዘዝኩት። «አሁኑኑ ደውልላት! የትኛው ባሕር ዳር እንደሆነ ለይተህ ንገራት! አሸዋው እንዳለ፣ ጨዉ እንዳለ ንገራት!»

«ቻርጅ የለኝም፣ እማማ።»

«ሁላችሁም ቻርጅ የላችሁም! ለእናት ሲሆን ነው ቻርጅ የሚያልቀው!»

ጆሮው እጄ ላይ ቀረ። አላመመውም መሰለኝ፣ «እርስዎ ጋ ይሁን፤ ከደወለች ይስሙልኝ» አለኝና ተመልሶ ተኛ። ጆሮውን በመቀነቴ ጫፍ ቋጠርኩት። ድንኳኔን ላወርድ ስል ሸርጣኑ ካስማው ላይ ወጣበት። «እዚህ ከሰው ቁመት ያለፈ ነገር አይቆምም። ጠባቂ ካየ ሁሉም ያልቃል። ደህና ቦታ የሚባለው የማይታይ ቦታ ነው» አለ። የማይታይ ቦታ ከሆነማ ዘገየ እንዴት አይቶ ይመጣል? ትቼው ሄድኩ።

ጥቂት እንደሄድኩ ገላጣ ሜዳ አገኘሁ። አሸዋው ነጭ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ሰው የለ፣ ጠባቂ የለ። እዚህ ነው አልኩ። ምሰሶውን አቆምኩ፣ ገመዱን ወጠርኩ፣ የመጀመሪያውን ካስማ በመዶሻ መታሁ። ኳ!

ያን ጊዜ ውሃው ተከፈተና አሳዎች መውጣት ጀመሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በጭራቸው ቆመው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተግተለተሉ መጡ። ገብተው መሬት ለመሬት ተቀመጡ።

«እግዜር ያጥናሽ» አለኝ አንዱ።

«ምን ሆንኩና?»

«እኛ ምን እናውቃለን? ድንኳን አየን፣ መጣን።»

«የለቅሶ አይደለም! ልጄ የሚያድርበት ነው!»

«ድንኳን ውስጥ ይታደራል?» ብሎ ትንሹ አሳ ጎኑ ያለችውን ጠየቃት። «ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቷታል፤ ዝም በል» አለችው።

ንፍሮው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በሰፌድ ዞረ። ሁለት አሮጊት አሳዎች ጥግ ይዘው፣ «ንፍሮው ጨው የለውም» ብለው ሲያሙኝ በጆሮዬ ሰማሁ። ዕድሜያቸውን ጨው ውስጥ ኖረው!

ከዚያ አንድ ትልቅ አሳ እየተጎማለለ ገባ። የጋሽ አስፋቸውን ባርኔጣ አድርጓል፤ ሳሉም የእርሳቸው ነው።

«የሟቹን ስም ጥሪልንና እናልቅስ» አለ።

«ሟች የለም።»

«ስም ካልተጠራ ለቅሶው ባለቤት የለውም። ይሄ ሁሉ ሰው ከሥራ ቀርቶ ነው የመጣው።»

«ሰው? የታለ ሰው?»

«አትሳደቢ። እሺ፣ ግማሹን ጥሪልን። ግማሹ ምን ይጎዳሻል?»

ከሁሉም ወገን ዓይናቸው ሳይርገበገብ ያዩኛል፤ አሳ ደግሞ አይጨፍንም። ከንፈሬ ሳላስበው ተከፈተ። «ዘ...» አልኩ። ምላሴን ነከስኩት፤ ግን አምልጦኛል። ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ተናወጠ። «ዘ! ዘ! ዋይ ዘ!» እያሉ ደረታቸውን በክንፋቸው ይደልቁ ጀመር። ትልቁ አሳ በደስታ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይኸው ተጀመረ! ቀሪውን ደግሞ ቀስ ብለን እናወጣዋለን» አለ።

«ወግዱ!» ብዬ ካስማውን ነቀልኩ። ምሰሶውን ስስበው ድንኳኑ ከነለቅሶተኛው ተደረመሰ። ሸራውን ከላያቸው ገፍፌ ተሸክሜ ስሮጥ፣ አሮጊቶቹ ከኋላዬ፣ «እድርም ትረግጣለች!» ሲሉ ይሰማኛል።

ሮጬ ሮጬ ድንጋያማ ቦታ ላይ ወደቅኩ። ቀና ስል ባሕሩ ራሱ ተቀምጧል። እንደ ሰው፣ ጉልበቱን አቅፎ። ከንፈሩ በውሃ ጥም ተሰነጣጥቋል።

«ውሃ ይዘሻል?» አለኝ።

«አንተ ነህ እኔን ውሃ የምትጠይቀኝ?»

«ጨው በዛብኝ እኮ። ከየአገሩ የሚመጣው ሁሉ የሚያለቅሰው እኔ ላይ ነው።»

ወገቤ ላይ ባንጠለጠልኳት ኮዳ የቀረችኝን ሰጠሁት፤ የጠማው የጠማው ነው። ጨለጠና አፉን ጠረገ። እኔም ፊት ለፊቱ ቆሜ ጠየቅኩት።

«ልጄን አይተኸዋል? ረዘም ያለ ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ሲስቅ ትከሻው ይነቀነቃል።»

«ስንቱን ለይቼ አያለሁ? የመጣውን አስገባለሁ እንጂ ስም አልጠይቅም።»

ደሜ ፈላ። ድንኳኑን አወረድኩና ወገቤን ያዝኩ።

«አንተ! ይሄን ያህል አካል ይዘህ አታፍርም? ስሙን ያልጠየቅከውን ሰው ቤትህ ታስገባለህ? እኛ አገር መንገደኛ ደጅ ሲደርስ ማን ልበል ይባላል፣ የማን ልጅ ነህ ይባላል፣ እግሩ ይታጠባል። ጠዋት ሲወጣ ደግሞ ይሸኛል። ይሸኛል! አንተ ማንን ሸኝተህ ታውቃለህ?»

ባሕሩ አቀረቀረ። ማዕበሉ ሁሉ ኩምሽሽ አለ፤ ዳር ያለው ውሃ ወደ ኋላው አፈገፈገ። ሲያፍር ያሳዝናል፤ ግን ትልቅ ነገር ሲያፍር ማየት ደግሞ ደስ ይላል፤ አይቼው ስለማላውቅ።

«ነጋሪ አልነበረኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ደህና ቦታ ከሆነ የምትፈልጊው፣ እዚህ ዳር ላይ የለም። አትልፊ። ዳር የሁሉም ነው፤ የጠባቂው፣ የደላላው፣ የአልቃሹ። መሃሌ ላይ ትከይው። እዚያ ማንም አይመጣም።»

«ዋና አልችልም።»

«ማን ዋኚ አለሽ? ተራመጂ።»

እግሬን ባስቀምጥ ውሃው እንደ አስፋልት ጠንካራ ነው። ዞሬ ባይ የቆምኩበት አሸዋ ይናጣል፤ ድንጋዩ፣ ዘንባባው፣ ጠባቂዎቹ ከነሰልፋቸው ይሰጥማሉ። ሽበታሙ እስከ አንገቱ ገብቶ፣ «እመቤቴ፣ ነገ እንመለስ ወይ?» ይላል። ሸርጣኑ ሁለቱንም ስልኮች ከፍ አድርጎ፣ «አንድ ሰው የጎደለው!» እያለ ገባ። መቀነቴ ውስጥ ያለው ጆሮ ሞቀኝ፤ ልጁን ፈለግኩት፣ አላየሁትም። አልቆምኩም። ድንኳኔን አዝዬ መሃል ለመሃል ሄድኩ።

ፀጥ ያለ ነው። ከላይ ሰማይ፣ ከታች ሰማይ። ምሰሶውን አቆምኩ። ሸራውን ሳለብሰው ቀጥ አለ፤ አንድም ቦታ አልተጨማደደም። የእድር ድንኳን እንዲህ አምሮበት አይቼ አላውቅም። የቀረው ካስማ መምታት ነው። ውሃው ላይ አቁሜ መታሁት። ኳ!

«እማዬ።»

ዞርኩ። ዘገየ ከኋላዬ ቆሟል። ፀጉሩ ርሷል፤ ልብሱ ግን ደረቅ ነው።

«ዘገየሁ» አለ።

«አውቃለሁ። ስምህ ነው።»

ትከሻው ተነቀነቀ። ጎንበስ ብሎ ድንኳኑን በበሩ በኩል አየና፣ «ውስጡ ይሞቃል። ደክሞኛል፤ ገብቼ ልተኛ?» አለኝ።

ግባ ልለው አፌን ከፈትኩ። ለዚህ አይደል እንዴ ያን ሁሉ አገር ተሸክሜው የዞርኩት? ግን ይሄ ድንኳን የእድር ነው። የገባበት ሁሉ ስሙ ተጠርቶ የተለቀሰለት ነው። እንዳትገባ ልል ስል ደግሞ ካስማው ራሱን ይመታ ጀመር። እኔ መዶሻውን ጥያለሁ፤ እሱ ግን ይመታል። ኳ! ኳ! ኳ! ልጄ ቀና አለና በእጁ የበሩን ሸራ ገለጠ። «አትግባ!» ብዬ ጮህኩ። ኳ! ኳ!

ነቃሁ። ነግቷል። ኳኳታው ግን አላቆመም። ከደጄ ነው የሚመጣው።

በሩን በርግጄ ብወጣ ግቢዬ ውስጥ የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን እየተከሉ ነው። ምሰሶው ቆሟል፤ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል። ጎረቤቴ እትዬ ውድነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የንፍሮ ብረት ድስት ታማስላለች። ጋሽ አስፋቸው ባርኔጣቸውን አድርገው ያዝዛሉ።

«ሳትነሺ ልንጨርስልሽ ብለን ነው» አሉኝ። «እምቢታሽ ሐዘን ነው። እኛ ደግሞ ጎረቤት ነን።»

ገና ያልተወጠረው ሸራ ላይ ሄጄ ቁጭ አልኩበት። «ሂዱ ቤታችሁ! መርዶ የሌለበትን ድንኳን ማን ነው የሚተክለው?»

«ማንያህልሻል፣ ተነሺ እንጂ፤ ሰው ይታዘበናል።»

«ይታዘባችሁ!»

አንዱ ጎረምሳ ሸራውን ከሥሬ ሊስብ ጎንበስ ሲል ጡቴ ሥር የሸጎጥኩት ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የሰው አገር ነው። ተጣድፌ ሳነሳው ድምፅ ማጉያውን ነካሁት መሰለኝ፣ ግቢው በሙሉ ሰማ።

«ሃሎ፣ እማዬ? ዘገየ ነኝ!»

እትዬ ውድነሽ ማማሰያዋን እንደያዘች እልል አለች። ጎረምሶቹ መዶሻቸውን ጣሉ። ጋሽ አስፋቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ። እኔ ብቻ ሳልነሳ ጮህኩ፤

«የት ነህ?»

«ባሕር ዳር ነኝ፣ እማዬ።»

«የትኛው ባሕር ዳር? ጣናው ነው ጨዉ?»

ከስልኩ ውስጥ ውሃ ሲመታ ይሰማል።

«ጨዉ ነው። አብሽሪ፣ አትስጊ። ዛሬ ማታ ጀልባ አለ፤ ስንሻገር እደው...»

ተቋረጠ። ቻርጅ።

ንፍሮው ብቻ ይፈላል። ጋሽ አስፋቸው ባርኔጣቸውን በጣታቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩና ጠጋ ብለው፣ ጎረምሶቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፤

«ማንያህልሻል፣ እህቴ... ካስማውን እንንቀለው፣ ወይስ እስከ ነገ ይቆይ?»